ኬሚካዊ እኩልዮሽን ማመጣጠን፦ ከባጃጅ ጎማ የሚጀምር መመሪያ

ማታ ማታ ሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ወዳለው ቤቴ የሰፈር ልጆች የኬሚስትሪ ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ብዙዎቹ የሚቆሙት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ እኩልዮሹ ተጽፎ፣ ከየቀመሩ ፊት ባዶ ቦታ ተትቶ፣ «አመጣጥኑ» የሚል ትእዛዝ ያለበት ገጽ ላይ። እዚያ ሲደርሱ መገመት ይጀምራሉ። 2 ይጽፋሉ፣ ያጠፋሉ፣ 3 ይጽፋሉ፣ ላጲሱ ወረቀቱን እስኪበሳው ድረስ ይደጋግማሉ። አንዱ በግምት ይመታዋል። ሌላው «እኔ ለኬሚስትሪ አልተፈጠርኩም» ብሎ ደብተሩን ያጥፋል።

ይህ ሁለተኛው ንግግር እጅግ ያሳዝነኛል፤ እውነት አይደለምና። ማመጣጠን የተሰጥኦ ጉዳይ ሳይሆን የቆጠራ ሥራ ነው። የዕቁብ ጸሐፊ ገቢና ወጪውን ሲያስተያይ የሚያስፈልገውን ያህል ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከዚያ በላይ አይፈልግም። ቆጠራው ግን ሥርዓት አለው፤ ልጆቹን የማስተምርበትን ሥርዓት እንደሚከተለው አስቀምጬዋለሁ።

አስቀድሜ ስለ አጻጻፌ አንድ ነገር ልበል። የመማሪያ መጻሕፍት የንጥረ ነገሮችን ምልክት በላቲን ፊደል ያስቀምጣሉ። እኔ ግን ጀማሪ ሲመጣ በራሳችን ፊደል አስጀምረዋለሁ፤ ምልክቱ የማን እንደሆነ ለማስታወስ የሚባክነው ጉልበት ይተርፍና አእምሮው ቆጠራው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሃ ሃይድሮጅን ነው፣ ኦ ኦክስጅን፣ ካ ካርቦን፣ ና ናይትሮጅን፣ ሶ ሶዲየም፣ ብ ብረት፣ አ አሉሚኒየም፣ ድ ድኝ ወይም ሰልፈር፣ ካል ደግሞ ካልሲየም። ካ እና ካል የተለያዩ መሆናቸውን ልብ በሉ፤ ካርቦንና ካልሲየም በመጽሐፉ ምልክትም ብዙ ተማሪ የሚያምታታቸው ናቸው። ሥራው ከገባችሁ በኋላ ወደ መጽሐፉ ምልክት መልሱት፤ ከቁጥሮቹ አንዱም አይለወጥም።

መጀመሪያ ባጃጅ እንገጣጥም

ሐዋሳ ውስጥ ከመናኸሪያ ወደ ፍቅር ሐይቅ፣ ከፒያሳ ወደ አሞራ ገደል የሚያደርሰን ባጃጅ ነው። አንድ ባጃጅ አንድ ቦዲና ሦስት ጎማ አለው። ቦዲውን ቦ፣ ጎማውን ጎ ብንላቸው የባጃጅ ቀመር ቦጎ₃ ይሆናል። ከግርጌ ያለችው ትንሿ 3 ጎማዎቹን ትቆጥራለች።

አንድ ጋራዥ ባጃጅ ሊገጣጥም ተነሣ እንበል። ቦዲው በነጠላ ይገኛል። ጎማ ሻጩ ግን ጎማን ጥንድ ጥንድ አድርጎ አስሮ እንጂ ነጥሎ አይሸጥም። ስለዚህ ወደ ጋራዡ የሚገባው ጎ₂ ነው።

ቦ + ጎ₂ → ቦጎ₃

ከቀስቱ በስተግራ ያለው የሚገባው፣ በስተቀኝ ያለው የሚወጣው ነው። እንቁጠር። ቦዲ በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ። ጎማ በግራ ሁለት፣ በቀኝ ሦስት። ሦስተኛው ጎማ ከየት መጣ? ከየትም ሊመጣ አይችልም። ሁለት ጥንድ ብንገዛስ? አራት ጎማ ይሆንና አንዱ ጋራዡ ወለል ላይ ይቀራል። ሁለትና ሦስት የሚገናኙት ስድስት ላይ ነው። ስድስት ጎማ ሦስት ጥንድ ነው፤ ስድስት ጎማ ሁለት ባጃጅ ያቆማል። ሁለት ባጃጅ ደግሞ ሁለት ቦዲ ይፈልጋል።

2ቦ + 3ጎ₂ → 2ቦጎ₃

ጎማ ስድስት በስድስት፣ ቦዲ ሁለት በሁለት። ተመጣጠነ። ኬሚስትሪውን ገና ሳንጀምር ሥራውን ጨረስነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የዚሁ ጋራዥ ሒሳብ ነው።

አንድ ተማሪ ይህንኑ ጥያቄ ሲሠራ 3ቱን አጥፍቶ ቦጎ₂ ብሎ ጻፈና «ተመጣጠነ» አለኝ። ቁጥሩ በእርግጥ እኩል ሆኗል። ነገር ግን ከጋራዡ የወጣው ባለ ሁለት ጎማ ነው፤ ያ ባጃጅ አይደለም። ልጁ እኩልዮሹን አላመጣጠነም፤ ዕቃውን ለወጠው። ከሁሉ በላይ እንዲጠነቀቁለት የምፈልገው ስሕተት ይህ ነው።

የፊት ቁጥርና የግርጌ ቁጥር

በቀመር ውስጥ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለ። ከፊት በትልቁ የሚጻፈው «ስንት ነው?» ለሚለው ይመልሳል። ከግርጌ በትንሹ የሚጻፈው «ምንድን ነው?» ለሚለው ይመልሳል። እኛ የምናመጣጥነው ስንትነቱን ብቻ ነው፤ ምንነቱን መንካት አይፈቀድልንም።

ምን ያህል የከበደ ነገር እንደሆነ ለማሳየት ካኦ₂ን እና ካኦን ልጆቹ ፊት ጎን ለጎን እጽፋለሁ። ልዩነታቸው አንዲት የግርጌ 2 ናት። ካኦ₂ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከአፋችን የምናስወጣው፣ በታሸገ የአምቦ ውሃ ውስጥ የሚፍለቀለቀው። ካኦ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚቀመጥበትን የሂሞግሎቢን ቦታ ይይዛል። በርና መስኮት ተዘግቶ ከሰል ሲነድ አየር ያጥረዋል፤ ያን ጊዜ ካርቦኑ ሁለት ኦክስጅን አጥቶ ከአንድ ጋር ይወጣል። በዚያ ጭስ ተኝተው የቀሩ ቤተሰቦች አሉ። እንግዲህ ያችን 2 ለቆጠራ ይመቸኛል ብሎ ማጥፋት ምን ማለት እንደሆነ እዩት። ከሰል ካያያዛችሁም መስኮቱን ክፈቱ፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ውሃም እንደዚሁ ነው። ሃ₂ኦ የምንጠጣው ውሃ ነው። ግርጌው ላይ አንድ 2 ብትጨምሩ ሃ₂ኦ₂ ይሆናል፤ ይህ ቁስል ለማጠብና ጸጉር ለማንጣት የሚያገለግለው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፤ አይጠጣም።

ለምን መመጣጠን አስፈለገ? በኬሚካዊ ለውጥ ውስጥ አቶም አይጠፋም፣ አዲስ አቶምም አይፈጠርም፤ የነበሩት ተፈታተው እንደገና ይገጣጠማሉ። ፈረንሳዊው አንትዋን ላቮዋዚዬ ይህን ያሳየው በሚዛን ነው። ዕቃ ውስጥ ዘግቶ ያቃጠለውን ነገር ከመቃጠሉ በፊትና በኋላ እየመዘነ ክብደቱ እንደማይለወጥ አረጋገጠ፤ በእ.ኤ.አ. 1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፍም ሕጉን በግልጽ አስቀመጠው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በፈረንሳይ አብዮት ወቅት፣ በግንቦት 1794 አንገቱን ተቀላ። እኩልዮሽ ስናመጣጥን የምንሠራው የእሱን ሚዛን በወረቀት ላይ ነው።

የሥራው ደረጃዎች

አንደኛ፣ ቀመሮቹን በትክክል ጻፉና እንዳትነኳቸው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ጥንድ ሆነው የሚኖሩት ንጥረ ነገሮች ነገር ነው። ሃይድሮጅን፣ ናይትሮጅን፣ ኦክስጅን፣ ፍሎሪን፣ ክሎሪን፣ ብሮሚንና አዮዲን ብቻቸውን በሚሆኑበት ጊዜ እንደዚያ ሻጭ ጎማዎች በጥንድ ናቸው። ኦክስጅን ጋዝ ኦ₂ እንጂ ኦ ተብሎ አይጻፍም። ሰባቱን በቃላችሁ ያዙ።

ሁለተኛ፣ ከእኩልዮሹ ሥር ሰንጠረዥ አስምሩ። በመካከል የንጥረ ነገሮቹን ምልክት፣ በግራ የሚገባውን ብዛት፣ በቀኝ የሚወጣውን ብዛት ጻፉ። ሰንጠረዡን ዘልለው በአእምሯቸው የሚቆጥሩ ልጆች አሉኝ፤ ፈጣኖቹ ናቸው፤ ብዙ የሚሳሳቱትም እነሱ ናቸው። አንድ የፊት ቁጥር በጻፋችሁ ቁጥር ሰንጠረዡን አድሱ።

ሦስተኛ፣ ከማን እንደምትጀምሩ ምረጡ። ግምትን ከቆጠራ የሚለየው ይህ ምርጫ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። ሰንጠረዡ ላይ ካሉት ንጥረ ነገሮች አንዳንዶቹ በየጎኑ በአንድ ቀመር ውስጥ ብቻ ይገኛሉ፤ አንዳንዶቹ በሁለትና በሦስት ቀመር ተበትነዋል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ከማንም ጋር ሳይጣመሩ ብቻቸውን ይቆማሉ። በአንድ ቀመር ብቻ ካለው ጀምሩ፤ የተበተነውን አቆዩት፤ ብቻውን የሚቆመውን ለመጨረሻ አስቀሩት። ምክንያቱም ብቻውን በሚቆመው ፊት የምትጽፉት ቁጥር ሌላ ማንንም አያናጋም። ኦ₂ን ከፊቱ 5 ብታደርጉለት የሚጨምረው ኦክስጅን ብቻ ነው። በካኦ₂ ፊት 5 ብትጽፉ ግን ካርቦኑም ኦክስጅኑም አብረው ይነሣሉ። ብቻውን የሚቆመው እንደ ታክሲ ረዳት ነው፤ ሁሉም ከፍሎ ካበቃ በኋላ መልስ ሰጥቶ ሒሳቡን ይዘጋል።

አራተኛ፣ ሁለቱ ጎኖች የማይገናኙ ሲመስሉ ትንሹን የጋራ ብዜት ፈልጉ፤ ለ2ና ለ3 ስድስት እንደሆነው ሁሉ።

አምስተኛ፣ ጨረስኩ ስትሉ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ እንደገና ቁጠሩ፤ ሁሉም የፊት ቁጥሮች ለአንድ ቁጥር የሚካፈሉ ከሆነም አካፍሏቸው። 4፣ 2፣ 4 እኩል ቢሆንም 2፣ 1፣ 2 ተብሎ ነው የሚጻፈው።

የዛገ በር

የግቢ በር ብረቱ ቀለሙ ሲላጥ ይዝጋል። ዝገቱ ውስጥ ያለውን ውሃ ለጊዜው ትተን ዋናውን ለውጥ ብንጽፍ እንዲህ ነው።

ብ + ኦ₂ → ብ₂ኦ₃

ብረት በግራ 1፣ በቀኝ 2። ኦክስጅን በግራ 2፣ በቀኝ 3። ሁለቱም በግራ ብቻቸውን ስለቆሙ እዚህ ላይ የሚወስነው አስቸጋሪነት ነው፤ 2ና 3 የተጋጩበትን ኦክስጅን አስቀድሙ። የባጃጁ ጎማ ተመልሶ መጣ። ስድስት እንዲሆኑ በግራ 3ኦ₂፣ በቀኝ 2ብ₂ኦ₃። አሁን በቀኝ ያለው ብረት ሁለት ጊዜ ሁለት፣ አራት ሆኗል፤ በግራ 4 ጻፉለት።

4ብ + 3ኦ₂ → 2ብ₂ኦ₃

ይህን በክብደት እናረጋግጠው። የብረት አቶም ክብደት 56፣ የኦክስጅን 16 ነው። በግራ 4 ጊዜ 56፣ 224፤ 3 ጊዜ 32፣ 96፤ ድምሩ 320። በቀኝ አንዱ ብ₂ኦ₃ 112 ሲደመር 48፣ 160 ነው፤ ሁለቱ 320። ሚዛኑ ቀጥ አለ። ሌላም ነገር ይነግረናል፦ 224 ኪሎ ብረት ሙሉ በሙሉ ቢዝግ 320 ኪሎ ይመዝናል። ብረት ሲዝግ የሚቀልል የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ እየረገፈ ስለሚያዩት ነው። ከአየር የወሰደውን ግን እኩልዮሹ ቆጥሮታል።

የምድጃ ጋዝና ግማሽ ቁጥር

ቡታን በማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር ውስጥ ካሉት ጋዞች አንዱ ነው። በደንብ ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይሰጣል።

ካ₄ሃ₁₀ + ኦ₂ → ካኦ₂ + ሃ₂ኦ

ካርቦን በየጎኑ በአንድ ቀመር ብቻ አለ፤ ሃይድሮጅንም እንዲሁ። ኦክስጅን በቀኝ በሁለት ቀመር ተበትኗል፤ በግራ ደግሞ ብቻውን ቆሟል። ስለዚህ ቅደም ተከተላችን ካርቦን፣ ሃይድሮጅን፣ በመጨረሻ ኦክስጅን ነው። አራት ካርቦን ስላለ በቀኝ 4ካኦ₂። አሥር ሃይድሮጅን ስላለ 5ሃ₂ኦ። አሁን በቀኝ ያለውን ኦክስጅን ቁጠሩ፦ ከ4ካኦ₂ ስምንት፣ ከ5ሃ₂ኦ አምስት፣ በድምሩ አሥራ ሦስት።

አሥራ ሦስት ጎደሎ ቁጥር ነው፤ ኦክስጅን ደግሞ በጥንድ እንጂ አይመጣም። ልጆቹ እዚህ ሲደርሱ የተሳሳቱ መስሏቸው ሁሉንም ያጠፋሉ። አታጥፉ። 13/2 ብላችሁ ጻፉ።

ካ₄ሃ₁₀ + 13/2ኦ₂ → 4ካኦ₂ + 5ሃ₂ኦ

ስድስት ተኩል ጥንድ ማለት ነው። ተኩሉን ለማስወገድ ሁሉንም የፊት ቁጥር በ2 አባዙ፤ ከፊቱ ምንም ያልተጻፈበት ካ₄ሃ₁₀ 1 እንዳለው አትርሱ።

2ካ₄ሃ₁₀ + 13ኦ₂ → 8ካኦ₂ + 10ሃ₂ኦ

ካርቦን 8 በ8፣ ሃይድሮጅን 20 በ20፣ ኦክስጅን 26 በግራ፣ በቀኝ 16 ሲደመር 10። ነዳጅ ነክ እኩልዮሽ ሁሉ በዚህ መንገድ ይሠራል፤ ካርቦን፣ ሃይድሮጅን፣ ኦክስጅን፣ ካስፈለገ በ2 ማባዛት። የቡታኑን ደብተራችሁን ሳታዩ ደጋግማችሁ ሥሩት፤ አንድ ሳምንት በዚሁ ብቻ ብትቆዩ አይቆጨኝም።

አብረው የሚጓዙ ቡድኖች

የወንዝ ወይም የግድብ ውሃ ለከተማ ሲጣራ አሉሚኒየም ሰልፌት ይጨመርበታል፤ ከኖራ ጋር ሲገናኝ እንደ ጥጥ የሚንሳፈፍ ዝቃጭ ይፈጥርና የውሃውን ጭቃ ይዞ ይወርዳል። እኩልዮሹ ሲያዩት ያስፈራል።

አ₂(ድኦ₄)₃ + ካል(ኦሃ)₂ → አ(ኦሃ)₃ + ካልድኦ₄

ኦክስጅንን አንድ በአንድ እቆጥራለሁ ያለ ሰው ይደክማል። ነገር ግን ተመልከቱ፤ ሰልፌት የሚባለው ድኦ₄ በግራ አለ፣ በቀኝም ሳይፈርስ አለ። ኦሃም እንዲሁ። ከሐዋሳ አዲስ አበባ አብረው ተሳፍረው አብረው እንደሚወርዱ ቤተሰቦች ናቸው። ሳይፈርስ የሚሻገር ቡድን እንደ አንድ ሰው ይቆጠር።

በግራ፦ አ 2፣ ድኦ₄ 3፣ ካል 1፣ ኦሃ 2። በቀኝ፦ አ 1፣ ድኦ₄ 1፣ ካል 1፣ ኦሃ 3። አሉሚኒየምን ለማስተካከል በቀኝ 2አ(ኦሃ)₃፤ ይህ ኦሃን ስድስት ያደርገዋል። ሰልፌቱ በግራ ሦስት ስለሆነ በቀኝ 3ካልድኦ₄። ካልሲየም በቀኝ ሦስት ሆነ፤ በግራ 3ካል(ኦሃ)₂። ኦሃ በግራ ሦስት ጊዜ ሁለት፣ ስድስት፤ በቀኝም ስድስት።

አ₂(ድኦ₄)₃ + 3ካል(ኦሃ)₂ → 2አ(ኦሃ)₃ + 3ካልድኦ₄

ከቅንፍ ውጭ ያለው የግርጌ ቁጥር በቅንፉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያበዛል። (ድኦ₄)₃ ሦስት ድኝና አሥራ ሁለት ኦክስጅን ነው። ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥለው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

ቡድኑ ከተሻገረ በኋላ ከፈረሰ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። ለቦምቦሊኖ ሊጥ የምንጨምረውን ሶዳ እዩ፦

ሶሃካኦ₃ → ሶ₂ካኦ₃ + ሃ₂ኦ + ካኦ₂

ካኦ₃ በቀኝ አንዱ ቦታ ሳይፈርስ አለ፤ ሌላው ቦታ ግን ወደ ካኦ₂ ተበትኗል። ስለዚህ በአቶም ቁጠሩ። ሶዲየም በቀኝ ሁለት ስለሆነ በግራ 2ሶሃካኦ₃ ብቻ ስትጽፉ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገጥማል፤ ካርቦን 2፣ ሃይድሮጅን 2፣ ኦክስጅን 6። ሊጡን የሚነፋው በስተቀኝ የወጣው ካኦ₂ ነው።

ቆጠራ ሲያቅት ምን እየሆነ እንደሆነ ጠይቁ

ብረት ከማዕድኑ ሲቀልጥ የሚሆነው ይህ ነው።

ብ₂ኦ₃ + ካኦ → ብ + ካኦ₂

ኦክስጅን በሦስት ቀመር ተበትኗል፤ ብቻውን የሚቆም ኦ₂ም የለም። እዚህ ብዙዎች ወደ ግምት ይመለሳሉ። እናንተ ግን ቀመሩን እንደ ታሪክ አንብቡት። ካኦ በስተግራ ገብቶ ካኦ₂ ሆኖ ወጣ፤ ማለትም እያንዳንዱ ካኦ አንድ ኦክስጅን ወሰደ። ከማን? ከብ₂ኦ₃። እሱ ስንት ኦክስጅን አለው? ሦስት። ሦስቱን ለመውሰድ ስንት ካኦ ያስፈልጋል? ሦስት። ይኸው አለቀ።

ብ₂ኦ₃ + 3ካኦ → 2ብ + 3ካኦ₂

ኦክስጅን በግራ 3 ሲደመር 3፣ በቀኝ 6። እንዲህ ያለውን መልስ ያገኘ ልጅ ፊቱ ሲበራ ማየት ለእኔ የቀኑ ሽልማት ነው።

በአልጀብራ መፍታት

አንዳንዱ እኩልዮሽ በዚህም በዚያም አልያዝ ይላል። ያን ጊዜ ከፊት ባዶ ቦታዎቹ ላይ ፊደል አስቀምጡና ሒሳቡ ራሱ ይፍታው። ለማዳበሪያ የሚሆን ናይትሪክ አሲድ ሲሠራ አሞኒያ በኦክስጅን የሚቃጠልበት እኩልዮሽ ይኸው፦

ቀናሃ₃ + በኦ₂ → ተናኦ + ቸሃ₂ኦ

እዚህ ቀ፣ በ፣ ተ፣ ቸ የምንፈልጋቸው የፊት ቁጥሮች ናቸው። ናይትሮጅን ቀ = ተ ይላል። ሃይድሮጅን 3ቀ = 2ቸ ይላል። ኦክስጅን 2በ = ተ + ቸ ይላል። ቀ = 1 እናድርግ። እንግዲያው ተ 1 ነው፤ ቸ 3/2 ነው፤ 2በ ደግሞ 1 ሲደመር 3/2፣ 5/2 ይሆናል፤ በ 5/4 ነው። ክፍልፋዮቹን ለማጥፋት ሁሉንም በ4 አባዙ፦ ቀ 4፣ በ 5፣ ተ 4፣ ቸ 6።

4ናሃ₃ + 5ኦ₂ → 4ናኦ + 6ሃ₂ኦ

ይህን መንገድ ለሁሉም ጥያቄ የሚጠቀሙበት አሉ። አልከለክልም፤ ግን ለቀላሉ እኩልዮሽ ጊዜ ይፈጃል፤ የቆጠራ ዓይንንም አያሠለጥንም። ለጠንካራው ብቻ አስቀሩት።

ለልምምድ

እነዚህን ሰንጠረዥ አስምራችሁ ሥሩ፤ መልሱን ከዚያ በፊት አትዩ።

ና₂ + ሃ₂ → ናሃ₃

ካ₃ሃ₈ + ኦ₂ → ካኦ₂ + ሃ₂ኦ

ካ₂ሃ₆ኦ + ኦ₂ → ካኦ₂ + ሃ₂ኦ

ካኦ₂ + ሃ₂ኦ → ካ₆ሃ₁₂ኦ₆ + ኦ₂

ካልካኦ₃ → ካልኦ + ካኦ₂

የመጀመሪያው አሞኒያ ነው፤ መልሱ 1፣ 3፣ 2። ሁለተኛው ፕሮፔን ነው፤ 1፣ 5፣ 3፣ 4። ሦስተኛው በጠጅና በአረቄ ውስጥ ያለው አልኮል ነው፤ 1፣ 3፣ 2፣ 3። 7/2 ያገኛችሁ ከሆነ አልኮሉ ራሱ አንድ ኦክስጅን ይዞ እንደገባ ረስታችኋል፤ በቀኝ ከሚያስፈልገው ሰባት ላይ እሱን ቀንሱና ስድስት፣ ማለትም ሦስት ጥንድ ይቀራል። አራተኛው በጓሯችን ያለው የእንሰት ቅጠል በፀሐይ ብርሃን የሚሠራው ነው፤ 6፣ 6፣ 1፣ 6። ከግሉኮሱ ስድስት ካርቦን ጀምሩ፤ ኦ₂ን ለመጨረሻ አቆዩ። አምስተኛው የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ነው። ካልሲየም 1 በ1፣ ካርቦን 1 በ1፣ ኦክስጅን 3 በ3፤ ከመጀመሪያውም የተመጣጠነ ስለሆነ ምንም አትጻፉበት።